ለደስታ የተሠራ ዕቃ ምን ዐይነት ጣራ ይገባዋል?

ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሁለት ጠላቶች ይነሡበታል። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ዝናብና ፀሐይ፥ ውርጭና ነፋስ ነው፤ ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣው የባለቤቱ ቸልታ ነው። ስለ ቤትና ስለ ድልድይ፥ ስለ መጽሐፍና ስለ ጐተራ ይህን የማያውቅ የለም። ጐተራው ቢያፈስ እህሉ ይሻግታል፤ ድልድዩ ቢዝግ መንገደኛው ይጠፋል፤ ስለዚህ እነዚህን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ማንም አይከራከርበትም። ነገር ግን ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ዕቃ፥ ይኸውም ሕፃን ልጅ ተቀምጦበት ጥቂት ደቂቃ ዞሮ የሚወርድበት የእንጨት ፈረስ፥ ዝናብ ቢመታው ማን ይጎዳል? እርሱንስ ለመጠበቅ ጣራ መሥራት፥ ቀለም መቀባት፥ ሠራተኛ መቅጠርና ገንዘብ ማውጣት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ለቀልድ የቀረበ ቢመስልም፥ መልሱን እስከ መጨረሻው ስንከተለው አንድ ነገር የሚጠበቀው ለምንና ለማን ነው ወደሚል ከባድ ጥያቄ ያደርሰናል።

አስቀድመን የምንናገርለትን ዕቃ እናስታውቅ፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። በአውሮጳና በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በየከተማው ዳርና በየባሕሩ ጠረፍ ለሕዝብ መዝናኛ የሚሆኑ መናፈሻዎች ተቋቋሙ። በእነዚህ መናፈሻዎች ውስጥ ከነበሩት መሣሪያዎች ሦስቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ካሩሴል የሚባለው፥ የተቀረጹ የእንጨት ፈረሶች በክብ መድረክ ላይ ተደርድረው ከሙዚቃ ጋር የሚዞሩበት ነው። ሁለተኛው ሮለር ኮስተር የሚባለው፥ ከእንጨት በተሠራ ኰረብታና ሸለቆ ላይ ሠረገላዎች በሐዲድ እየወጡ የሚወርዱበት ነው። ሦስተኛው ሰዎችን በትንንሽ ክፍሎች አሳፍሮ ወደ ሰማይ ከፍ የሚያደርገው ታላቁ መንኰራኵር ነው። ከፈረሶቹ ጠራቢዎች ብዙዎቹ ከአውሮጳ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ አናጢዎች ነበሩ፤ በፊላዴልፍያ ከተማ ስመ ጥር የሆነው የዴንትዘል ቤተ ሰብም የመጣው ከጀርመን አገር ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ብዙ ካሩሴሎች ዛሬ ከነፈረሳቸው የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ ወዴት ሄዱ ቢባል፥ ከፊሉ በእሳት ጠፋ፤ ከፊሉ በጐርፍና በማዕበል ተወሰደ፤ ከፊሉ ተበታትኖ ተሸጠ፤ የቀረውም ጠባቂ አጥቶ በስብሶ ተጣለ።

የዝናብ ሥራ እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ የጠባቂው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። የካሩሴሉ ፈረስ ከአንድ ግንድ የተጠረበ አይደለም፤ ብዙ ሳንቃዎች በኮላ ተጣብቀው፥ ሆዱ ባዶ ሆኖ እንደ ሣጥን ከተገጠመ በኋላ ነው መልኩና ጋማው የሚቀረጽለት። እንጨት ደግሞ ከሥሩ ተቈርጦ ዛፍነቱ ቢቀርም ውሃ መጠጣቱን አይተውም፤ አየሩ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህም ማበጥና መኮማተር በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በወርዱ ስለሚበረታ፥ የተጣበቁት ሳንቃዎች እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ መጋጠሚያቸው ይከፈታል። መጋጠሚያው ሲከፈት በላዩ ያለው ቀለም ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል፤ የገባውም ውሃ ቀለሙ ስለሚከልለው በቀላሉ መውጫ አያገኝም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 እጅ ሲያልፍ ደግሞ የሻጋታ ወገን የሆነው አበስባሽ ሊበቅልበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ከውጭ ሲያዩት ያማረ፥ ከውስጥ ግን በጣት ቢነኩት የሚፈረፈር ይሆናል። ፀሐይም በበኩሏ ቀለሙን ታደበዝዛለች፤ ያልተቀባውንም እንጨት አመድማ ታደርገዋለች። ብረቱም ቢሆን ውሃና አየር ሲገናኙበት ይዝጋል፤ በባሕር ዳር የቆመ ከሆነ ጨው ያዘለው ነፋስ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ዝገት ከጤነኛው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፥ በእንጨት ውስጥ የተቀበረ ምስማር ወይም ብሎን ሲዝግ ያቀፈውን እንጨት ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ የተነሣ የሞያው ዐዋቂዎች ያወጡት ሥርዐት ለመናገር ቀላል፥ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ለካሩሴሉ ክብ ቤት ይሠራለታል። የጣራው ክፈፍ ወጣ ብሎ ውሃውን ከግድግዳው ያርቃል፤ ወለሉም ከመሬቱ ከፍ ይላል። ቤቱ ግን ፈጽሞ የታፈነ እንዳይሆን አየር ሊዘዋወርበት ይገባል፤ የታፈነ እርጥበት ከዝናብ የማይተናነስ ጠላት ነውና። በበረዶው ወራት ቤቱን ድንገት ማሞቅም ጉዳት አለው፤ እንጨቱ በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንጨት የሚስማማው ከመጠን ያለፈ እርጥበትም ከመጠን ያለፈ ድርቀትም ሳይሆን ብዙ የማይለዋወጥ አየር ነው። የመካከለኛውን ምሰሶ ክብደት የሚሸከመው ኩሽኔታ ግራሶው ይታደስለታል፤ የላላው ብሎን ይጠብቃል፤ የተላጠው ቀለም ሳይሰፋ ይደፈናል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ለእንጨት ፈረስም ይሠራል።

ሮለር ኮስተር ግን እንደዚህ በቀላሉ ጣራ የሚለብስ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ኮኒ አይላንድ በተባለው የባሕር ዳርቻ በ1927 የተከፈተው ሳይክሎን የሚባለው ሮለር ኮስተር የብረት ምሰሶና የእንጨት ሐዲድ ይዞ በጨው ነፋስ መካከል ቆሟል። እንዲህ ላለው መሣሪያ ጣራው የሰው ዐይን ነው። ከመከፈቱ በፊት ሠራተኛው ሐዲዱን በእግሩ ተከትሎ ይሄዳል፤ የተነሣውን ምስማር ይመታል፤ የተሰነጠቀውን ሳንቃ ለይቶ ያስለውጣል። ሠረገላዎቹም ሥራ በማይኖርበት ወራት ወደ መጋዘን ገብተው ተፈታትተው ይመረመራሉ። እንግዲህ መጠለያ ሲባል ቆርቆሮና ሳንቃ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ጣራ የማይቻልበት ቦታ ላይ በየዕለቱ የሚደጋገም ትጋት ጣራ ይሆናል፤ ትጋት በሌለበት ግን የተሠራው ጣራ ራሱ ማፍሰስ ይጀምራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። አንድ ቁም ነገረኛ ሰው ተነሥቶ፥ «ለተራበ እንጀራ፥ ለታመመ መድኃኒት ሳይዳረስ ለእንጨት ፈረስ ቀለም መግዛት ግፍ አይደለምን?» ቢለን፥ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የገንዘብ ሣጥን ወሰን አለው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ በሆነበት ሰዓት እንጀራ እንደሚቀድም እኛም እናምናለን። ነገር ግን የሰውን ታሪክ ስንመለከት ምርጫው ሁልጊዜ እንዲህ ተለይቶ አይቀርብም። በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና ፕራተር በተባለው መናፈሻ ውስጥ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዎልተር ባሴት በ1897 ያቆመው ታላቅ መንኰራኵር አለ፤ ከፍታው 65 ሜትር ያህል ነው። በ1916 እንዲፈርስ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር፤ ማፍረሻ ገንዘብ በመታጣቱ ግን ሳይፈርስ ቀረ። በ1944 በጦርነቱ እሳት ተቃጠለ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቪየና በአራት መንግሥታት ጦር ተይዛ፥ ቤቷ ፈርሶ፥ ሕዝቧ ተርቦ ሳለ፥ መንኰራኵሩ ተጠግኖ በ1947 እንደ ገና ዞረ። ቀድሞ የነበሩት 30 ክፍሎች በ15 ብቻ ተተኩ፤ የተጐዳው ብረት ሙሉውን ሸክም እንዲሸከም አልተደፈረም።

የተራበ ከተማ ስለ ምን መንኰራኵር ይጠግናል? መልሱ የሚመስለን እንዲህ ነው። ሰው እንጀራ የሚፈልገው ለመኖር ነው፤ ለመኖር የሚፈልገው ግን እንጀራ ለመብላት ብቻ አይደለም። ልጁን ይዞ ከፍ ካለ ቦታ ከተማውን አሻግሮ ማየት የሚችል አባት፥ ነገ የሚባል ቀን እንዳለ ለልጁ በቃል ሳይሆን በተግባር ይነግረዋል። ስለዚህ የደስታ ዕቃ እንደ ትርፍ ነገር ሊቈጠር አይገባም። ደግሞም ከወጪው አንጻር ብናየው፥ ዛሬ በጥቂት ቀለም የሚደፈነውን ስንጥቅ ከ10 ዓመት በኋላ ለመጠገን የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ነው። ገንዘብ አባካኙ በጊዜው የሚጠግነው ሰው ሳይሆን እስኪበሰብስ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ከቸልታ ሳይሆን ከፍቅር የሚመጣ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የጥንት የእንጨት ፈረስ ዋጋ በጣም ወጣ። ሙሉው ካሩሴል በአንድነት ከሚያወጣው ይልቅ ፈረሶቹ አንድ በአንድ በሐራጅ ሲሸጡ የሚያስገኙት ገንዘብ ስለ በለጠ፥ ብዙ ካሩሴሎች ፈረስ በፈረስ ተበታተኑ። ገዢዎቹ ክፉዎች ነበሩ አንልም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው የቅርጹን ውበት ከማንም በላይ የተረዱ፥ ከመበስበስም ያዳኑ ነበሩ። በሀብታም ሳሎን ጥግ የቆመ ፈረስ ዝናብ አይነካውም፤ ፀሐይ አያገኘውም፤ የሕፃን ጫማ አይፍቀውም። ከአየር ጠባይ መጠበቅ የጥበቃ ሁሉ ፍጻሜ ቢሆን ኖሮ ከሳሎን የተሻለ ጣራ ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን ያ ፈረስ አይዞርም። ሌሎቹ ባልንጀሮቹ ከጐኑ የሉም፤ ሙዚቃው የለም፤ እግሩን አንሥቶ የሚወጣበት ልጅም የለም። አካሉ ደኅና ሆኖ ሥራው ሞቷል። የተሠራበትን ሥራ የተወን ዕቃ ተጠብቋል ማለት፥ ቤተ መጻሕፍት ቈልፎ መጻሕፍቱ አልተቀደዱም ብሎ እንደ መመካት ነው።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳይ አንድ ነገር እናንሣ። በኦሃዮ ግዛት ያንግስታውን በተባለች ከተማ አይዶራ ፓርክ የሚባል መናፈሻ ነበር። በ1922 በፊላዴልፍያ የተሠራ፥ 48 ፈረሶች ያሉት ካሩሴል ነበረው፤ ዋይልድ ካት የሚባልም የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበረው። በ1984 እሳት ተነሥቶ የሮለር ኮስተሩን ከፊል በላው፤ መናፈሻውም በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ዕቃውም በሐራጅ ተሸጠ። ካሩሴሉን ዴቪድ ዋለንታስና ባለቤቱ ጄን ዋለንታስ ሳይበታተን በአንድነት ገዙት። ወይዘሮ ጄንም በፈረሶቹ ላይ ከዓመት ዓመት የተደራረበውን ቀለም እየፋቁ የመጀመሪያውን ቀለም እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ዓመታት ደከሙ። በ2011 ካሩሴሉ በኒው ዮርክ ብሩክሊን በወንዙ ዳር፥ ፈረንሳዊው የሕንፃ ሊቅ ዣን ኑቬል በነደፈው፥ ግድግዳው ብርሃን በሚያሳልፍ ቤት ውስጥ ቆሞ ለሕዝብ ተከፈተ። ያንግስታውን የቀረው ሮለር ኮስተር ግን ጠባቂ አጥቶ ለዝናብ ከተተወ በኋላ በ2001 ፈረሰ። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ግቢ ኖረው፥ በአንድ ዓመት አንድ መከራ አግኝቷቸው ነበር፤ የለያያቸው የተቀበላቸው እጅ ነው።

ይሁን እንጂ ጥሩ ጣራ ያገኘ ነገር ከእንግዲህ ወዲህ አያሰጋም ብሎ ማረፍ አይገባም። ያ ቤት በተከፈተ በዓመቱ፥ በኦክቶበር 29 ቀን 2012፥ ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን መታ። ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ቤቱን ዙሪያውን ከበበው፤ በዚያች ሌሊት የተነሣ ፎቶግራፍ ካሩሴሉ መብራቱ እንደ በራ በጥቁር ውሃ መካከል እንደ ደሴት ቆሞ ያሳያል። ከላይ የሚወርደውን ዝናብ አስበው ለሠሩት ሰዎች ውሃው ከታች መጣባቸው። ስለዚህ ጥበቃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ፥ ሪባን ተቈርጦለት፥ አለቀ የሚባል ሥራ አይደለም። ጣራ የሠራ ሰው ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም።

በዚህ ላይ የፍልስፍና ሰዎች የሚያነሡት አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። የግሪኩ ጸሓፊ ፕሉታርክ እንደ ነገረን፥ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በምትኩ አዲስ ያስገቡ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም መርከቡ ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ ነው እያሉ ሊቃውንቱ ተከራከሩበት። ይህ ክርክር ለእንጨት ሮለር ኮስተር ከመርከቡ ይልቅ ይስማማዋል። በፔንሲልቫንያ ግዛት አልቱና በተባለች ከተማ በ1902 የተሠራው ሊፕ ዘ ዲፕስ የሚባለው ሮለር ኮስተር ከ1985 ጀምሮ ቆሞ ለዝናብና ለበረዶ ከተተወ በኋላ፥ ተጠግኖ በ1999 እንደ ገና ለሕዝብ ተከፍቷል። ከቀድሞው እንጨት ያረጀው በአዲስ ተተክቷል። እንግዲህ ያው ነው ወይስ ሌላ?

በእኛ አስተያየት የእንዲህ ያለ ዕቃ ነፍሱ በሳንቃው ብቻ አይደለም። ያረጀውን ሳንቃ ያወጣው ሰው ልኩን ዐውቆ ካወጣው፥ አዲሱን ያስገባውም በዚያው ልክ ካስገባው፥ ዕቃው አልተለወጠም፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ። በአውስትራልያ በሜልቦርን ሉና ፓርክ በ1912 የተከፈተው፥ በዴንማርክም በኮፐንሃገን ቲቮሊ በ1914 የተከፈተው ሮለር ኮስተር ፍሬናቸው የሚያዘው ከሠረገላው ጋር አብሮ በሚሳፈር ሰው እጅ ነው። ያ ሰው የት ላይ መያዝ፥ የት ላይ መልቀቅ እንደሚገባ የሚያውቀው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከቀድሞው ሠራተኛ ጐን ቆሞ በመማር ነው። ሽማግሌው ሳያስተምር ቢሄድ፥ ወጣቱም ለመማር ቢንቅ፥ ሳንቃው ሁሉ የ1912 ቢሆን እንኳ ዕቃው ጠፍቷል። ስለዚህ ከዝናብ የሚጠበቀው እንጨት እንደሆነ ሁሉ፥ ከመረሳት የሚጠበቅ ሞያም አለ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዝናብ፥ ስለ ገንዘብና ስለ ሞያ ተናገርን። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ገና አልተነካም፤ ይኸውም ጣራው ለማን ተሠራ የሚለው ነው። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ግሌን ኤኮ የሚባል መናፈሻ አለ። በዚያ የዴንትዘል ቤት በ1921 የሠራው ካሩሴል ቆሟል፤ 40 ፈረሶች፥ 4 ጥንቸሎች፥ 4 ሰጐኖች፥ አንድ አንበሳ፥ አንድ የእስያ ነብር፥ አንድ ቀጭኔና አንድ አጋዘን አሉበት። ክብ መሰል ቤት ተሠርቶለት ከዝናብ ተጠልሏል፤ የውርሊትዘር ቤት የሠራው ኦርጋንም ይዘምርለታል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ጥቁር ሕፃን ከዚያ ጣራ በታች እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። በጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ገብተው በእንስሳቱ ላይ ተቀመጡ። ካሩሴሉ አልዞረላቸውም፤ ከመካከላቸው አምስቱ ተያዙ። በዚያ በጋ በአካባቢው የሚኖሩ ነጮችም ከእነርሱ ጋር ሆነው በበሩ ፊት ተሰለፉ፤ በ1961 መናፈሻው ለሁሉ ተከፈተ። የተያዙትም ሰዎች ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 የተፈረደባቸው ፍርድ ተሻረላቸው።

በዚያው ግዛት በባልቲሞር አጠገብ የነበረው ግዊን ኦክ የተባለው መናፈሻም እንደዚሁ ለነጮች ብቻ የተከፈተ ነበር። ከብዙ ዓመታት ሰልፍና እስራት በኋላ በኦገስት 28 ቀን 1963 በሩን ለሁሉ ከፈተ፤ ይህም ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ለታላቁ ሰልፍ የተናገሩበት ያው ዕለት ነበር። በዚያን ቀን የ11 ወር ዕድሜ ያላት አንዲት ጥቁር ሕፃን አባቷ ከጐኗ ቆሞ ደግፏት በካሩሴሉ ፈረስ ላይ ዞረች። በ1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ያመጣው ጐርፍ መናፈሻውን አጠፋው። ካሩሴሉ ግን ተረፈ፤ በ1981 ወደ ዋሽንግተን ተወስዶ በአገሪቱ ታላቅ አደባባይ፥ በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ፊት ተተከለ። ጐርፉ ፈራጅ ሆኖ መጣ አንልም፤ ጐርፍ የበደለኛውንና የንጹሑን ቤት ለይቶ አያውቅምና። የምንለው፥ ያ ካሩሴል ዛሬ ሊጠበቅ የሚገባው ፈረሶቹ ስላማሩ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ ያችን ሕፃን ስለ ተሸከመ ነው። የቪየናውም መንኰራኵር ባለቤት የነበረው ኤድዋርድ ሽታይነር አይሁዳዊ በመሆኑ ንብረቱን ከተቀማ በኋላ በ1944 በአውሽቪትስ ተገድሏል። ዕቃን አክብሮ ሰውን የሚያዋርድ ጥበቃ፥ ጥበቃ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ግሌን ኤኮ በ1968 ሲዘጋ ካሩሴሉ ለሽያጭ ቀረበ። የመንደሩ ሰዎች ግን ከአካባቢያቸው እንዳይወጣ ብለው ተነሡ፤ በ1970 ገንዘብ አዋጥተው 80,000 ዶላር ከፍለው አስቀሩት። ከ1983 እስከ 2003፥ 20 ዓመት ሙሉ፥ የተደራረበው ቀለም እየተነሣ የጥንቱ መልክ ተመለሰለት። ዛሬ በዚያው በሞንጎመሪ አውራጃ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ቲኬታቸውን ይዘው ከማንም ልጅ ጋር እኩል በፈረሱ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ይህ እንዲሆን ጣራ የጠገነው አናጢ ድርሻ አለው፤ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ አልወርድም ያለው ተማሪም ድርሻ አለው። አንዱ እንጨቱን ከዝናብ፥ ሌላው ደስታውን ከግፍ ጠበቀ። ሁለቱም የአንድ ዕቃ ጠባቂዎች ናቸው።

አንድ ችግር ግን አሁንም ይቀራል፤ ልንሸሽገውም አንወድም። በሩ ለሁሉ ሲከፈት ዕቃው ያልቃል። የሺህ ልጆች እጅ የሚይዘው አንገት ቀለሙ ይነሣል፤ የሺህ ልጆች ጫማ የሚረግጠው እርካብ ይሳሳል። የዘጋ ጠባቂ ዕቃውን ለመጪው ልጅ አቆየሁ ይላል፤ የከፈተ ጠባቂ ዛሬ ያለውን ልጅ አስደሰትሁ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ የምንፈርደው ለከፈተው ነው፤ ግን በአንድ ውል። ይኸውም በዛሬው ልጅ ጫማ የተፋቀውን፥ በዛሬው ልጅ ቲኬት ገንዘብ ወይም በዛሬው ሰው ድካም ለነገው ልጅ መልሶ መቀባት ነው። ሳይከፍቱ መጠበቅ ንፍገት ነው፤ ሳይጠግኑ መክፈትም ከልጅ ልጅ መስረቅ ነው።

ይህ ነገር የባሕር ማዶ መናፈሻ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፥ እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በተለይ ልናስብበት ይገባል። በእጃችን ያለው አብዛኛው ነገር እኛ ያልሠራነው፥ የእኛም የማይሆን፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው የምናስረክበው ነው። መዝገቡም፥ ሕንፃውም፥ የሕዝቡ መናፈሻም እንዲሁ ነው። ጠባቂ በሥራው መጨረሻ ሲጠየቅ፥ ደረቅ አድርገህ አቈይተሃልን ተብሎ ብቻ አይጠየቅም፤ በተሠራበት ሥራ ላይ አውለኸዋልን፥ የሚገባውስ ሰው ሁሉ ደርሶበታልን ተብሎም ይጠየቃል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው፥ የጠበቀው ነገር የእንጨት ፈረስ ቢሆን እንኳ፥ የታመነ ሰው ይባላል።